አዲሱን ጣውላ ከማንጠፍዎ በፊት አጥንቱን ይዩ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፉልኝ እህት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ከቤቱ ጋር አብሮ የገዙት የእንጨት ዴክ (ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘው የውጭ መድረክ) ጣውላው ስለተሰነጣጠቀ በኮምፖዚት፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ በተሠራ ጣውላ፣ ሊቀይሩት አስበዋል። ሁለት ሦስት ጣውላ ሲያስነሡ ግን ከሥር የተሸከሙት አግዳሚዎች፣ ጆይስት የምንላቸው፣ አናታቸው ጠቁሮ አገኙት። አንዱ ዘመድ «የተቃጠለ ዘይት ቀቢው» ብሏቸዋል፤ ሌላው «ላስቲክ አልብሺው» ብሏቸዋል። የልጃቸው ምርቃት ደግሞ ደርሷል፤ ድግሱም እዚያው ዴክ ላይ ነው።

እህቴ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የተቃጠለ ዘይት አገር ቤት የአጥር እንጨት ሲቀባ እያየን ስላደግን እናምነዋለን። ዴክ ላይ ግን ላዩን አጥቁሮ ይቀራል እንጂ ውስጥ ያለውን ብስባሽ አያቆመውም፤ ወደ አፈሩ ይንጠባጠባል፤ በኋላ የሚለጠፈው መከላከያም አይይዝለትም። ላስቲኩ ደግሞ ይብሳል። ውሃ በስክሩ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባና መውጫ ያጣል።

እንጨት ስለረጠበ ብቻ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ረጥቦ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው። የሚበላው ፈንገስ እንዲያድግ የእንጨቱ እርጥበት ወደ 30 በመቶ አካባቢ መድረስ አለበት፤ ከ20 በመቶ በታች ከቆየ ግን ስጋት የለም። ስለዚህ ሥራችን ሁሉ ውሃው እንዳይተኛ ማድረግና የገባው እንዲወጣ መንገድ መስጠት ነው።

«መድኃኒት የተነከረ እንጨት አይደለም እንዴ?» ይሉ ይሆናል። ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ እስከ እንጨቱ እምብርት ድረስ ሁልጊዜ አይዘልቅም፤ በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍና በስክሩ የተበሳው ቦታ ያልተነከረውን ክፍል ያጋልጣሉ። አገር ቤት የጥድ ቋሚ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ሲቆም እናውቃለን። እዚህ ለዴክ የሚሸጠው ፓይን ግን ያለ መድኃኒቱ ያን ያህል ጽናት የለውም። የእርስዎን ጆይስት ጠጋ ብለው ቢያዩት ጥቁረቱ የሚጀምረው ከየስክሩ ቀዳዳ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ወደ ግራና ቀኝ ይሳባል። ውሃው የሄደበት መንገድ ያ ነው።

አሁን ካቻቢቴ ይያዙና የጠቆረውን ሁሉ እየወጉ ይሂዱ። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ገብቶ ጠንካራ ነገር ካገኘ ጉዳቱ የላይ ነው። ያለ ጉልበት አንድ ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ ወይም እንጨቱ ደርቆ በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተሰባበረ ከተነሣ፣ ያ ጆይስት አብቅቶለታል፤ ይቀየር። ጫፎቹን፣ ማለትም በብረት ማንጠልጠያው ውስጥ የተቀመጡትን፣ በተለይ ይውጉ፤ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ነፋስም አይደርሰውም።

ከሁሉ በፊት ግን ሌጀሩን ይዩልኝ። ሌጀር ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር ያያያዘው ረጅም እንጨት ነው። ሰው ሞልቶበት ሳለ ዴክ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ተላቆ ነው። እሱ ከላላ፣ ወይም በወፍራም ብሎን ሳይሆን በሚስማር ብቻ ከተያዘ፣ ድግሱን ግቢው ሣር ላይ ያድርጉት። ይህን የምለው ሳላመነታ ነው፤ ልጅ ሊመረቅ የመጣ እንግዳ በዚያ ላይ መቆም የለበትም። ሌጀሩ ፊት ለፊት ከሚታየው የጡብ ልባስ ጋር የታሰረ ከሆነም ችግር ነው፤ ያ ጡብ ሸክም እንዲይዝ አልተሠራም፣ ሕጉም አይፈቅድም። መፍትሔው ዴኩን በራሱ ምሰሶዎች ማቆም ነው። ሌጀርም ሆነ ጆይስት ከመቀየርዎ በፊት ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሌጀሩ ደህና ከሆነ፣ በላዩ ፍላሺንግ መኖሩን ያረጋግጡ። ይህ የታጠፈ ብረት ወይም ፕላስቲክ ሲሆን የላይኛው ክንፉ ከሳይዲንጉ፣ ማለትም ከግድግዳው የውጭ ልባስ፣ ኋላ ይገባል፣ የታችኛው ሌጀሩን አልፎ ወደ ፊት ይወርዳል፤ ከግድግዳው የወረደው ዝናብ በሌጀሩና በቤቱ መካከል እንዳይገባ። ፍላሺንጉ ተራ አልሙኒየም አይሁን። የዛሬው መድኃኒት መዳብ ስላለበት አልሙኒየሙን ይበላዋል። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ አርሴኒክ ያለበት የድሮው መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት እንጨት ቀርቶ መዳብ የበዛባቸው ስለተተኩ፣ ተራ ብረትም ቶሎ ይዝጋል። ስክሩም ማንጠልጠያውም በሙቅ ዚንክ የተነከረ ወይም ስቴይንለስ ይሁን፤ ሁለቱን ዓይነት ግን አይቀላቅሉ።

ለዳኑት ጆይስቶች፦ የላላውን ፋቅ ፋቅ ያድርጉና ፀሐይ ባለበት ጥቂት ቀን ክፍት ይተዉት። ከዚያ ኮፐር ናፍቴኔት የሚባለውን አረንጓዴ መድኃኒት በብሩሽ ይቀቡ፤ የድሮ ቀዳዳዎችንና አዲስ የቆረጡትን ጫፍ ሁሉ ያጠግቡት። ጓንት አይርሱ። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ዘይት ስላለው እርጥብ ሳለ ምንም አይጣበቅበትም።

ሲደርቅ የጆይስት ቴፕ ይለጥፉ። የሚገዙት ቢዩቲል የተባለው፣ ጎማ መሰል ማጣበቂያ ያለው፣ ይሁን፤ አስፋልት ያለበት ርካሽ ቢሆንም ሙቀት ሲመጣ ይቀልጣል። ቢዩቲል ስክሩ ሲያልፍበት ዙሪያውን ይጨብጠዋል፤ ዋጋውን የሚያወጣው ለዚህ ነው። የጆይስቱ ውፍረት 1.5 ኢንች ስለሆነ ከዚያ ትንሽ የሚሰፋ ቴፕ ይበቃል፤ ከምሰሶዎቹ በላይ ላለው ድርብ አግዳሚ 3 ኢንች የሚያልፈውን ይውሰዱ። አናቱን ብቻ ይሸፍኑ። ጎኑን ከጠቀለሉት ከላስቲኩ ጋር አንድ ሆነ። ከመደብር ትኩስ የመጣ አዲስ ጆይስት ካስገቡም ከመድኃኒቱ ውሃ የተነሣ ከብዶ ነው የሚመጣው፤ እስኪደርቅ ይታገሡት እንጂ ዛሬ አስገብተው ዛሬ ቴፕ አይለጥፉ።

ኮምፖዚቱን በተመለከተ፣ ከእንጨት ይልቅ ይጎብጣል። የጆይስቶቹ መካከል ለመካከል ርቀት ከ16 ኢንች እንዳይበልጥ ይለኩ፤ ጣውላውን በሰያፍ ካነጠፉ ወደ 12 ኢንች ይቀርባል። በጣውላዎቹ መካከል አምራቹ ያዘዘውን ክፍተት ይተዉ። በየመኸሩ እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚወድቀውን የኦክ ቅጠል ቢላ መሰል ቀጭን ነገር እየሰደዱ ያውጡት፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ጭቃ ሆኖ ውሃ ይይዛል፣ ያውም በትክክል ጆይስቱ አናት ላይ።