በተራው መጨረሻ ላይ ለተመደባችሁ ፒቸሮች

ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቦስተን አቅራቢያ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ጠዋት ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የቤዝቦል ቡድኑን ፒቸሮች አሠለጥናለሁ። ዛሬ የምጽፈው አሰልጣኝ በተራው መጨረሻ ላይ ለሚመድባችሁ ልጆች ነው። በትምህርት ቤት ቡድን ሦስተኛ፣ በኮሌጅ አራተኛ፣ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ደግሞ አምስተኛ የሚባለው ቦታ ማለቴ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደ ማጽናኛ ትቆጥሩታላችሁ። እኔ ግን የራሱ ሙያ ያለው፣ ተምረው የሚይዙት ሥራ መሆኑን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ፒቸር ለተጋጣሚው መቺ ኳስ የሚወረውር ተጫዋች ነው። አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ አለው፤ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሦስት መቺዎች እስኪወጡ ድረስ ይወረወራል። የሜጀር ሊግ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጊዜ ይጫወታል፣ ያውም በየቀኑ ሊባል በሚችል መልኩ። ጨዋታ የሚከፍተው ፒቸር በሙሉ ኃይሉ እስከ መቶ ጊዜ ሊወረውር ስለሚችል ክንዱ ለቀናት ማረፍ አለበት። ስለዚህ አምስት ሰዎች ይፈራረቃሉ። አንደኛውን አገር ያውቀዋል፤ የአምስተኛውን ስም የገዛ ከተማው ሰው እንኳ ይረሳዋል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። 162 በ9 ሲባዛ 1,458 ኢኒንግ ይመጣል። ቡድኑ 10 ለ 0 እየተሸነፈ ቢሆንም ጨዋታው ተጥሎ አይኬድም፤ የቀረውን ኢኒንግ አንድ ሰው መወርወሩ ግድ ነው። በዓመት 180 ኢኒንግ የሚወረውር ሰው ከጠቅላላው ሥራ አንድ ስምንተኛውን ገደማ ተሸከመ ማለት ነው። ይኸው ሰው በሦስተኛው ኢኒንግ ላይ እየተደበደበ ቢወጣ ግን የቀረው ስድስት ኢኒንግ ለተቀያሪዎቹ ይከፋፈላል፤ ዛሬ የወረወሩት ደግሞ ነገ ትኩስ አይሆኑም። በማግስቱ አንደኛው ፒቸር ግሩም ሥራ ሠርቶ በሰባተኛው ኢኒንግ ሲወጣ ክንዱ የዛለ ሰው ይረከበውና ጨዋታው ይበላሻል። የዚያን ቀን ሽንፈት ምንጩ የዛሬው ሦስተኛ ኢኒንግ መሆኑን የትኛውም ሠንጠረዥ አያሳይም። ሒሳብ መምህር ሆኜ ሳለሁ በቤዝቦል ቁጥሮች ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው።

በ6 ኢኒንግ 3 ነጥብ ቢቆጠርባችሁ አማካዩ በ9 ኢኒንግ ሲሰላ 4.50 ይሆናል። ወረቀት ላይ የሚያስመካ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን ባልደረቦቻችሁ አራት ነጥብ ካመጡ ቡድናችሁ እየመራ ትወጣላችሁ፣ ተቀያሪዎቹም የሚጠበቅባቸው ሦስት ኢኒንግ ብቻ ነው።

ለተማሪዎቼ ዘወትር የማነሳላቸው ሰው ቲም ዌክፊልድ ነው። የፒትስበርግ ቡድን ሲያስፈርመው መቺ ነበር። መምታቱ አልሆንለት ሲል ነክልቦል የሚባለውን ውርወራ ይዞ ፒቸር ሆነ፤ ኳሷ በጥፍር ጫፍ ተይዛ እንዳትሽከረከር ሆና ትለቀቃለች፣ ቀስ ብላ ትሄድና መጨረሻ ላይ ወዴት እንደምትታጠፍ ወርዋሪውም እንኳ አያውቅም። በቦስተን ሬድ ሶክስ በቆየባቸው 17 የውድድር ዘመናት ጨዋታ ከፍቷል፣ ተቀያሪ ሆኗል፣ ጨዋታ እንዲዘጋም ተመድቧል። እ.ኤ.አ. በ2004 መደበኛ ውድድር 12 ጊዜ አሸንፎ 10 ጊዜ ተሸነፈ፣ በ9 ኢኒንግ የተቆጠረበት ነጥብ አማካይም 4.87 ነበር።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቦስተን ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ገጠመ፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ቦስተን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተሸንፎ ሦስተኛውም ገና ከጅምሩ ከእጁ ወጣ። ዌክፊልድ በማግስቱ አራተኛውን ጨዋታ እንዲከፍት ተመድቦ ነበር። ተቀያሪዎቹ ሊያልቁ መሆኑን ሲያይ ግን ወደ አሰልጣኙ ወደ ቴሪ ፍራንኮና ሄዶ እኔ ልግባ አለ፣ የራሱንም ተራ ተወ። 3 ኢኒንግ ከሲሶ ወረወረ፤ 5 ነጥብም ተቆጠረበት። ጨዋታው 19 ለ 8 ተጠናቀቀ።

በማግስቱ ዴሪክ ሎው በእርሱ ምትክ ከፈተ። በሦስተኛው ጨዋታ ሳይወረውር ያረፈው ተቀያሪ ኪት ፎልክ ከሁለት ኢኒንግ በላይ ወርውሮ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም፤ ቦስተን በ12ኛው ኢኒንግ 6 ለ 4 አሸነፈ። አምስተኛው ጨዋታ 14 ኢኒንግ ፈጀ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንጎች ያለ ነጥብ የወረወረው ዌክፊልድ ራሱ ነበር። ከዚያም ቦስተን ሦስት ለባዶ ከተመራበት ግጥሚያ ወጥቶ አለፈ፤ ከ1918 ወዲህ የመጀመሪያውን ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የሜጀር ሊግ ዋንጫም ወሰደ። በመዝገቡ ላይ እነዚያ 5 ነጥቦች ዛሬም በዌክፊልድ ስም አሉ። እኔ በዚያ ዓመት ከታዩት ውርወራዎች ሁሉ የማከብረው ያንን ነው። ለሬድ ሶክስ 3,006 ኢኒንግ ወርውሯል፤ በክለቡ ታሪክ ሮጀር ክሌመንስም ሆነ ሳይ ያንግ ይህን ያህል አልወረወሩም።

አሁን አሰልጣኞች ፒቸርን ቶሎ የማስወጣት ልማድ አላቸው። የታምፓ ቤይ ቡድንም በ2018 ተቀያሪን ለአንድ ኢኒንግ ያህል ጨዋታ ማስከፈት ጀመረ። አምስተኛው ፒቸር ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ተቀያሪዎች ይበልጥ በሠሩ መጠን እስከ ስድስተኛው ኢኒንግ የሚቆየው ሰው ይበልጥ ይፈለጋል።

እንዴት ይቆያል? ልጆች ረጅም ምት ሲመታባቸው የሚያደርጉትን አውቀዋለሁ። መንጋጋቸውን ነክሰው ቀጣዩን ኳስ ከአቅም በላይ ያፈጥኑታል፤ ትከሻቸው ቀድሞ ይከፈታል፣ ኳሷ ወደ ላይ ትሄዳለች፣ መቺው በነፃ ያልፋል። እናንተ ከጉብታው ውረዱ፣ ኳሷን በእጃችሁ አሹ፣ ተንፍሱ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋን ኳስ ዝቅ አድርጋችሁ ስትራይክ (መቺው ሊመታት በሚገባው ክልል የምታልፍ ኳስ) ወርውሩ። መቺን በስትራይክ ለማስወጣት ቢያንስ ሦስት ውርወራ ያስፈልጋል፤ መሬት ለመሬት ለተመታ ኳስ ግን አንድ ይበቃል። ከኋላችሁ ሰባት ተጫዋቾች ቆመዋል፣ ሥራ ስጧቸው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ኢኒንግ መሸከም ሕመም መደበቅ ማለት እንዳይመስላችሁ። የሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር መመሪያ ከ15 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፤ 76 ከደረሰም አራት ቀን ዕረፍት ያዛል። ቁጥሩን ራሳችሁ መዝግቡ፣ በተለይ ከትምህርት ቤት ሌላ ለክለብም የምትጫወቱ ከሆነ፤ አንዱ አሰልጣኝ ሌላው ያስወረወራችሁን አያውቅም። ክርናችሁን ካመማችሁ በዚያው ዕለት ለአሰልጣኛችሁም ለእናት አባታችሁም ንገሩ። በዚያ ሳምንት ተራችሁን ሌላ ልጅ ቢወስደው ይውሰደው።