ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያው የኪራይ መኪና በሰው አገር

የጉዞ ወቅት ሲቃረብ የመኪና ኪራይ ጥያቄ ይበዛል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዋናውን ቤት ልተወው?

አይሆንም። ዓለም አቀፉ የዋናው ትርጉም ስለሆነ ብቻውን አያስነዳም። የትኛው ዓይነት ተቀባይነት እንዳለውም አስቀድመው ያጣሩ። ለምሳሌ ጃፓን ከዓለም አቀፍ ፈቃዶች የምትቀበለው እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠውን ነው፤ የ1968ቱን የቪየና አትቀበልም።

ባለቤቴ ቢደክመኝ ልትቀበለኝ ትችላለች?

ስሟ በውሉ ላይ ከሰፈረ። ካልሰፈረ መሪውን አትንካ።

«ኢንሹራንስ አለው» ተብዬ ከፍያለሁ፤ ታዲያ ከካርዴ ላይ ገንዘብ ለምን ያዙብኝ? (ሦስት ገጽ ሙሉ የብስጭት ደብዳቤ)

ንዴትዎ ይገባኛል፤ ውሉን ግን ከመፈረምዎ በፊት ማንበብ ነበረብዎ። ጉዳት ሲደርስ የመጀመሪያውን የተወሰነ መጠን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። የተያዘው ገንዘብ ለዚያ ዋስትና ነው። ብዙ ጊዜ ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ሲረከቡም ሲመልሱም መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ቸርኬውን፣ የፊት መስታወቱን፣ የነዳጅ መለኪያውን ጭምር። መኪናውን መልሰውም ገንዘቡ ካልተለቀቀ ባንክዎን ይጠይቁ።

20 ዓመት ነድቻለሁ። እንግሊዝ ውስጥ በግራ መንዳት አንድ ሁለት ቀን ቢያስቸግረኝ ነው፤ ሌሊቱን በርሬ ጠዋት እንደደረስኩ ልነሳ አስቤያለሁ።

እኔ የምፈራልዎት ከሁለቱ ቀን በኋላ ያለውን ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰው ሬዲዮውን ዘግቶ፣ ዓይኑን ከፊቱ ካለው መኪና ሳይነቅል ይነዳል፤ ያ መኪና መንገዱን ያሳየዋል። ስህተት የሚመጣው የሚከተሉት ሲጠፋ ነው፦ ማለዳ ከማደያ ሲወጡ፣ ፎቶ ለማንሳት ዳር ቆመው እንደገና ሲነሱ፣ ጭር ወዳለ የገጠር መንገድ ሲታጠፉ። ያኔ እጅ የለመደውን ያደርጋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1967 ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ሁሉም ተጠንቅቆ ስለነዳ አደጋ መጀመሪያ ቀንሶ ነበር፤ አዲሱ ጎን ሲለመድ ግን ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ስለዚህ ሞተር ባስነሱ ቁጥር፣ በአራተኛውም ቀን ቢሆን፣ «በግራ» ብለው ድምፅ አውጥተው ይናገሩ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው በየመታጠፊያው ያስታውስዎት። እንግሊዝ የተከራዩት መኪና መሪው በቀኝ ስለሆነ እርስዎ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ መሃል ነው የሚቀመጡት፤ ራስዎን ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ ካገኙ ጎን ስተዋል። አደባባይ የሚዞረው በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያም ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ፔዳሎቹ እንደለመዷቸው ናቸው፤ ማርሹ ግን በግራ እጅ ነው፤ ስለዚህ አውቶማቲክ ይያዙ። የመኪናው ግራ ጎን ከሚገምቱት በላይ ይርቃል፤ ከቆሙ መኪኖች ስፖኪዮ ጋር የሚጋጩት በዚያ በኩል ነው። ፍጥነቱ በማይል ነው፦ የአውራ ጎዳናው ጣሪያ 70 ማይል ሲሆን ወደ 112 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

የጠዋቱን ጉዞ ግን ይተዉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው አዲስ ጎን መልመድ አይችልም። ያን ቀን ይተኙ፤ መኪናውን በማግስቱ፣ ቢቻል ከከተማ ወጣ ካለ ቢሮ ይረከቡ። የአንድ ቀን ኪራይም ይተርፍዎታል።

አውሮፕላን ስለምፈራ ጓደኛዬ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጥታኛለች። ስደርስ መንዳት እችላለሁ?

አይንዱ። ይህ መድኃኒት ለብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ለቀናት ከሰውነት አይወጣም፤ ንቁ ነኝ እያሉም እግርዎ ፍሬን ላይ ይዘገያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አሽከርካሪ በደሙ ውስጥ ሊኖረው የሚችለውን የዲያዜፓም መጠን በሕግ ገድባለች። ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒንም አይዋጥም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የበረራውን ርዝመትና መኪናውን የሚረከቡበትን ሰዓት ይንገሩትና መቼ መንዳት እንደሚችሉ እሱ ይወስን። ከመብረርዎ በፊት እሱን ካላገኙ መኪናውን ይሰርዙና በባቡር ይሂዱ።

ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ብሞላስ?

ሞተሩን አያስነሱ፤ ወዲያው አከራዩ ጋ ይደውሉ። በነዳጅ መቅጃው እጀታ ቀለም አይመኑ፣ ከአገር አገር ይለያያል፤ የነዳጅ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።