የጋሊሺያ ሴቶች ስም እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በፖላንድ፣ ክራኮቭ የታሪክ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጋሊሺያ (ዛሬ በደቡብ ፖላንድና በምዕራብ ዩክሬን የተከፈለችው ምድር) በነበሩ ሴቶች ስሞች ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ስም ቆጥረሽ ምን ትበያለሽ?» ይሉኛል። ርዕሱን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው፤ አጥብቢው እንጂ።

የቤተሰቦችሽ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ተስፋሽ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ብቻ ከሆነ በሩ ጠባብ ነው። ይህ ርዕስ የሚያስጨብጥሽ ሙያ ግን ከዚያ ይሰፋል፦ አንዲት ሴት በተለያዩ መዝገቦች በተለያየ ስም ስትገኝ ያው አንዷ መሆኗን በማስረጃ ማረጋገጥ።

ፖላንዳውያንና ዩክሬናውያን ጎን ለጎን የኖሩባት ጋሊሺያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1772 እስከ 1918 በኦስትሪያ ሥር ነበረች። በ1784 በወጣው የኦስትሪያው ገዥ የዳግማዊ ዮሴፍ አዋጅ መሠረት ካህናቱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በወጥ ቅጽ እንዲመዘግቡ ታዘዙ። የካቶሊኮቹ መዝገብ በአብዛኛው የሚሞላው በላቲን ነበር። በመንደሯ ሃና የምትባለው አና፣ ኦክሳና የምትባለው ክሴኒያ፣ ያቭዶኻ ደግሞ ኤውዶኪያ ተብላ ትጻፋለች። የክርስትና ስምና የቤት ስም ተለያይተው በሚኖሩበት አገር ላደገች ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባትም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የሴት ልጆች ነገር ነው። አባት የላቲን ሥርዓት፣ እናት ደግሞ የግሪክ ሥርዓት ካቶሊክ (ለሮም ጳጳስ እየታዘዘ በምሥራቃውያን ሥርዓተ ቅዳሴ የሚጠቀም) ከሆኑ፣ ወንዶቹ ልጆች የአባታቸውን፣ ሴቶቹ የእናታቸውን ሥርዓት ይከተሉ ነበር። በ1863 በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የተደረገው ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ስታኒስዋቭ የተባለ ልጅ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲገኝ፣ የእናትና የአባት ልጅ እኅቱ ፓራስካ በሌላው ልትገኝ ትችላለች። አንዱን መዝገብ ብቻ ያየ ተመራማሪ ቤተሰቡ ሴት ልጅ ያልወለደ ይመስለዋል። እነዚያን ሴቶች ፈልጎ ከወንድሞቻቸው ጎን መመለስ ትልቅ ሥራ ነው፤ በሙሉ ልብሽ ያዢው።

የአንድ የጥምቀት ምዝገባ መስመርም ለሴቶች ታሪክ የታመቀ ሀብት ነው፦ ሕፃኗ፣ እናቷ፣ የክርስትና እናቷ፣ ብዙ ጊዜም አዋላጇ በስም ይገኛሉ። የአዋላጇ ስም በየገጹ እየተደጋገመ ስለሚመጣ፣ ጸሐፊው የአንዲትን ሴት ስም በስንት መልክ እንደጻፈ ለማነጻጸር ይረዳሻል።

ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት የነበሩባትን አንዲት ትንሽ ከተማ ምረጪና የ20 ወይም የ30 ዓመት መዝገብ ብቻ ውሰጂ። ስሙን በመዝገቡ ላይ እንዳለ ቅጂው፤ የአነጋገር መልኩን በሌላ ዓምድ አስቀምጪ፤ ሁለቱን ፈጽሞ አትቀላቅዪ። የቤት ቁጥሩን አትዝለይ፤ ቤተሰብን ከቤተሰብ ለመለየት ከስም ይልቅ የሚረዳሽ እርሱ ነው። የግሪክ ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን በጁልያን (በአሮጌው) አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አረጋግጪ፤ የጁልያኑ ቀን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲሱ የአውሮፓውያን አቆጣጠር በ12 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ላቲኑ አያስፈራሽ፤ የመዝገብ ላቲን የሚደጋገሙ ጥቂት ቃላት ነው። የእጅ ጽሕፈቱ ግን በየዕለቱ ልምምድ ይፈልጋል። በዋርሶ፣ በፕሸሚሽልና በዩክሬኗ ልቪቭ ቤተ መዛግብት ካሉት መዝገቦች ብዙዎቹ በምስል ተገልብጠው ስለሚገኙ፣ ጦርነት ባለበት ጊዜ ወደ ልቪቭ መጓዝ አይጠበቅብሽም።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ ከጋሊሺያ ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ የተሰደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች የዘር ሐረጋቸውን በባለሙያ ያስጠናሉ። የፖላንድ ዜግነታቸውን ለማረጋገጥ የአያቶቻቸውን ሰነድ የሚሹም አሉ። ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትም ስብስባቸውን በኮምፒውተር ሲያደራጁ የአንድን ሰው የተለያዩ ስሞች የሚያገናኝ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ከመመረቅሽ በፊት በአንዱ ቤተ መዛግብት ወይም ቤተ መጻሕፍት የተግባር ልምምድ ጠይቂ። በማመልከቻሽ ላይ «የስም ጥናት» ብቻ ብለሽ አትለፊ፤ የትኞቹን ቋንቋዎችና የእጅ ጽሕፈቶች እንደምታነቢ፣ ስንት ምዝገባ እንዳደራጀሽ ጻፊና ከሠንጠረዥሽ አንድ ገጽ አያይዢ።