በአሮጌ ኮምቢ ከሐዋሳ ወደ ሳነቴ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮምቢዬን፣ አሮጌውን የቮልስዋገን ሚኒባስ፣ ያየ ሁሉ «ይህ ነው ባሌ ደርሶ የተመለሰው?» ይለኛል። አዎ፣ አራት ጊዜ። የኋላ ወንበሮቹን አውልቄ የእንጨት አልጋ ሠርቼበታለሁ። መንገዴ ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ፣ በዲንሾና በሮቤ አድርጎ ጎባ ይደርሳል፤ ከዚያም የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ደን ወደ ደሎ መና ይወርዳል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁ።

ጋሼ፣ እንዲህ ያረጀ መኪና እውነት 4,000 ሜትር ይወጣል?

ይወጣል፣ እያዘገመ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቴ መንገድ ግን ከ4,000 ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሲሶ ያህል የሳሳ ነው። የእኔ ባለ 1600 ሲሲ ሞተር ሲወለድ 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሳነቴ ላይ 30 ከጥቂት ቢቀረው ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለሦስት ቀን ጉዞ ብለህ ካርቡራቶሩን አታስነካካ። የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ዕቃ ቀንስ፣ በሁለተኛ ማርሽ ታግሠህ ውጣ። መኪናህን የምትፈትነው ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ ባለው ዳገት ነው። እዚያ ካጉረመረመ ወደ ቤትህ ተመለስ፤ ሐዋሳ ገና ቅርብ ናት።

ኮምቢ ራዲያተር የለውም ይባላል። ታዲያ በምን ይቀዘቅዛል?

በአየር። በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያ ሞተሩ ላይ ይነፋበታል፤ ዲናሞውም የሚዞረው በዚያው ቺንጊያ ነው። ስለዚህ ቀዩ የዲናሞ መብራት በድንገት ከበራ «ባትሪ ነው፣ እደርሳለሁ» አትበል። ቺንጊያው ተበጥሶ ይሆናል፤ ከተበጠሰ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም። እዚያው ቁም፣ አጥፋ፣ ውረድና እይ። ትርፍ ቺንጊያና የሚፈታበትን መፍቻ ከወንበርህ ሥር አኑር። ስኮርታውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ቺንጊያውን ግን ማንም አያስታውስም።

በጣም የሚያስፈራው ዳገት የትኛው ነው?

ሁላችሁም ስለ ዳገቱ ትጠይቁኛላችሁ። እኔን ያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደር በሚወርደው ጥምዝምዝ መንገድ፣ ማርሹን በሦስተኛ ትቼ ፍሬን ላይ ብቻ ተማመንሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ቀጥሎ መርገጫው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለሰለሰ። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ ወለሉን ነካ። ወደ መጀመሪያ ማርሽ አስገድጄ መልሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብሁ፣ ከተራራው ጎን ካለ አፈር ጋር አስጠግቼ አቆምሁት። ባለቤቴ ለግማሽ ሰዓት አላናገረችኝም።

ምክንያቱ የፍሬን ዘይቱ ማርጀት ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ሸራው ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ስትረግጠው ኃይልህ ጎማው ዘንድ አይደርስም። ከመነሳቴ በፊት አንድ ጋራዥ «ቀይረነዋል» ብሎ ገንዘቤን ተቀብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ሲቀየር ቆሜ አያለሁ፤ በየሁለት ዓመቱም አስቀይራለሁ።

ደንቡ አሮጌ ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንስ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ልቀቀው እንጂ እግርህን አታሳርፍበት። ከጋለ ቁምና ራሱ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ ካፈሰስህበት ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

የእኔ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። ጠዋት ይነሳል?

የማሞቂያ ካንዴላዎቹና ባትሪው ደኅና ከሆኑ ይነሳል። ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው ቦታ ላይ አሳድረው።

ጋሼ፣ መኪናው ውስጥ ቡና ማፍላት ይቻላል?

ቡናው ይቻላል፤ ከሰሉ አይቻልም፣ ልጄ። የብርዱን ክፋት አውቃለሁ፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግን ከሰል የነደደበት ማንደጃ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ውጭ አፍይና ጀበናውን ብቻ አስገቢ። ምስር ለመቀቀል ደግሞ አትድከሚ፤ ውኃ እዚያ ከፍታ ላይ በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ አይበስልም። ጭኮ ከአዳባ ወይም ከዶዶላ ያዢ። ገብስና ቅቤ ነው፤ ለዚያ ብርድ የተፈጠረ ይመስለኛል።

ወንድሜ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። ከፍታው ይጎዳኝ ይሆን?

አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ከሐዋሳ ተነስተው በዚያው ቀን ሳነቴ ላይ አይደሩ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ይሁኑ። ሳነቴን ቀን አቋርጠው ዝቅ ያለ ቦታ ይደሩ። ራስ ምታቱ ከበረታ ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እስኪያልፍ አይጠብቁ።

ውሻዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

እባክህ ተወው። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ቁጥራቸው በመቶዎች ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም ባሌ ነው። ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ብዙ ጨርሶባቸዋል።

መቼ እንሂድ? ቤንዚንስ?

ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ። ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሙሉ፤ አምባው ላይ ማደያ የለም። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ካሉ የዚያ መስመር ሾፌሮች ጠይቁ።

ኮምቢውን ይሸጡልኛል?

ዛሬ ብቻ አራተኛው ጠያቂ ነህ። አይሸጥም። ቺንጊያ ከሆነ ግን አንድ ትርፍ አለኝ።