ሺህ ጊዜ የተተረከን ታሪክ ከተዋናዩ አንደበት እንዴት እንስማው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለፊልም ትምህርትሽ ስትይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሕዋ ተከታታይ ድራማ ላይ የተወኑ አንድ አዛውንት በካሜራ ልታነጋግሪ ነው። ያለሽ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሰውየው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንኑ ታሪክ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። «ያልተባለ ነገር እንዴት ላውጣ? የታወቀውንስ ልዝለለው?» ብለሻል። እኔ በዋሽንግተን አካባቢ የማኅበረሰባችንን አረጋውያን የሕይወት ታሪክ ስቀርጽ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሙያውን ግማሽ የተማርኩት ግን እንዲህ ያሉ የተዋንያን ቃለ መጠይቆችን እያቆምኩና እየመለስኩ በማየት ነው። የታወቀውን ታሪክ አትዝለይው፤ በዙሪያው ያሉትን ነገሮች ጠይቂ።

በዚያው ዘመን የሕዋ ድራማ በስታር ትሬክ ኡሁራን የተጫወተችውን ኒሼል ኒኮልስን እንውሰድ። የአሜሪካ የቴሌቪዥን አካዳሚ ፋውንዴሽን ለታሪክ ማኅደሩ እ.ኤ.አ. በ2010 አነጋግሯት ነበር። በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም የሚያውቀውን ታሪክ ትናገራለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲያልቅ ልቧ ወደ ብሮድዌይ፣ ወደ ኒው ዮርክ የቲያትር መድረክ፣ ነበርና ለድራማው ፈጣሪ ለጂን ሮደንበሪ መልቀቂያዋን ትሰጣለች። ቀኑ ዓርብ ነው። እርሱም «ቅዳሜና እሁድን አስቢበት» ይላታል። በማግስቱ በአንድ የሲቪል መብት ማኅበር ዝግጅት ላይ ተቀምጣ ሳለች አንድ ሰው መጥቶ «የእርስዎ ትልቅ አድናቂ ሊያገኝዎት ይፈልጋል» ይላታል። ድራማውን የሚወድ ጎረምሳ መስሏት ቀና ስትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በፈገግታ ወደ እርሷ ሲመጡ ታያለች። እርሳቸውና ባለቤታቸው ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩት የሚፈቅዱት ይህን ድራማ ብቻ መሆኑን ይነግሯታል። ልትለቅ መሆኑን ስትነግራቸው ግን ፈገግታቸው ይጠፋል፤ «አይሆንም፣ አትለቂም» ይሏታል። ሰኞ ሮደንበሪ ዘንድ ተመልሳ ሐሳቧን ትለውጣለች።

ኪንግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ተገደሉ፤ ታሪኩን የምናውቀው ከእርሷ አንደበት ነው። በየመድረኩ ስለተናገረችውም ቃላቱ ተወልውለዋል። እንዲህ ሲሆን ጠያቂ ምን ይጨምራል? ዓርብን፣ ቅዳሜንና ሰኞን ተመልከቺ። የጠፋውን ፈገግታ ተመልከቺ። ታሪኩን የሚያቆሙት እነዚህ ናቸው። እኔ ብሆን «በዚያን ጊዜ ምን ተሰማሽ?» አልልም፤ ይህ ጥያቄ የሚያመጣው የተዘጋጀ መልስ ብቻ ነው። «ከጎንሽ ማን ተቀምጦ ነበር? እሁድንስ እንዴት አሳለፍሽው?» እላለሁ። እሁድ ሲተረክ የሰማሁት እምብዛም ነው፤ በሐሳብ የተመላለሰችበት ቀን ግን እሁድ መሆን አለበት።

ሌላም አለ። መልቀቂያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ኒኮልስ በሌሎች አጋጣሚዎች እንደተናገረችው፣ ከተመልካች የሚጎርፍላት ደብዳቤ እንዳይደርሳት ተደርጎ ነበር፤ ይህንን የነገራት ደግሞ የስቱዲዮው የደብዳቤ ክፍል ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ከዳይሬክተሩ ታሪክ አይደለም። ስለዚህ ስለ አለቆቹ ብቻ አትጠይቂ። በር ጠባቂው ማን ነበር? ልብስ የምታለብሰው ሴት ምን ታወራ ነበር? ጠዋት በጨለማ የመኳኳያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከጎናቸው ማን ነበር? ተዋናይ የእነዚህን ሰዎች ስም ተጠይቆ ስለማያውቅ መልሱን አላጠናውም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ በዚያው ድራማ የቩልካን ፕላኔት ሰው የሆነውን ስፖክን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያነጋገረው የሳይንስ ልብ ወለድ አድናቂዎች ክበብ ሳይሆን የይዲሽ፣ ማለትም የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ፣ መጻሕፍት ማዕከል ነው። ጠያቂዋ የመጣችው ስለ ቋንቋና ስለ ልጅነት ለመስማት ነው። ከዩክሬን የተሰደዱ ወላጆች፣ ፀጉር አስተካካይ አባት፣ በቦስተን የዌስት ኤንድ ሰፈር፣ ከአያቶች ጋር የሚነገር ይዲሽ። በዚህ መሐል ነው የታወቀው የስፖክ ሰላምታ ብቅ የሚለው። ትንሽ ልጅ ሳለ ምኩራብ ውስጥ ካህናቱ የጸሎት ሸማቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዜማና በጩኸት ሕዝቡን ይባርካሉ። አባቱ «እንዳታይ» ይለዋል። እርሱ ግን አጮልቆ አየ። ያየው የጣቶቹ አዘረጋግ፣ ሁለት ሁለት ሆነው መሐላቸው የተከፈተ፣ ሺን የተባለውን የዕብራይስጥ ፊደል ይሠራል። (ፊደሉን ካላየሽው ንጉሡን ሠ አስቢ፤ ይመሳሰላሉ።) እ.ኤ.አ. በ1967 በተላለፈው አንድ ክፍል ላይ የቩልካን ሰዎች የራሳቸው ሰላምታ እንዲኖራቸው ሐሳብ ያቀረበው እርሱ ነበር፤ ያመጣውም ያንን የእጅ ምልክት ነው። በዚያው ክፍል የቩልካኗን ባለሥልጣን የተጫወተችው ሴሊያ ሎቭስኪ ጣቶቿ እሺ ስላላሏት አስቀድማ ከካሜራው እይታ በታች በሌላ እጇ ታስተካክላቸው ነበር።

ስለዚህ ያንቺም ሰው ከተዋናይነታቸው በፊት ማን እንደነበሩ አጥኚ። ሠፈራቸውን፣ የወላጆቻቸውን ሥራ፣ ቤት ውስጥ ይነገር የነበረውን ቋንቋ። ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ግማሽ ያህሉን ለዚህ ስጪው። ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መምህርሽም ሊያጉረመርም ይችላል። ሆኖም ኒሞይን ስለ ሰላምታው ብቻ ብትጠይቂው ኖሮ ምኩራቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ያልፍ ነበር።

«ያችን የታወቀች አባባል በሉልኝ ማለት ነውር ነው ወይ?» ላልሽው፦ ነውር አይደለም፤ ስትገቢ ግን አትጠይቂ። መጀመሪያ ላይ ካስባልሻቸው እንደ አድናቂ ያዩሽና የመድረክ ድምፃቸውን ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ከመቀመጥሽ በፊት የትኛው ጆሮአቸው ደህና እንደሚሰማ ጠይቂና በዚያ በኩል ተቀመጪ። ይህ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የስታር ትሬኩ ካፒቴን ዊሊያም ሻትነርም ኒሞይም በቀረጻ ቦታ የፈነዳ ነገር ለዘለቄታው የጆሮ ጩኸት አትርፎባቸዋል። የካሜራው ዓይን ከእርሳቸው ዓይን እኩል ይሁን፤ ከላይ ወደታች ከታዩ ታማሚ ይመስላሉ። የኮሌታ ማይክሮፎን አድርጊላቸው፤ ሌላ ሁለተኛ ማይክሮፎንም ከፍሬሙ ውጭ ይኑርሽ፤ አረጋውያን ሲያወሩ ደረታቸውን ይነካካሉና። የሚቀረጸው በቤታቸው ከሆነ ጉርምርምታው እንዳይቀረጽ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅለሽ የመኪናሽን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጪ። ቁልፉን ሳትይዢ መሄድ ስለማትችዪ መልሰሽ መሰካቱን አትረሺም፤ ያዛውንቱ ወተትም አይበላሽም። ከመሄድሽ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ግማሽ ደቂቃ ቅረጪ፤ በቅንብር ጊዜ ቁርጥራጩን የምታያይዢው በእርሱ ነው።

የስምምነት ፊርማውን ከቀረጻው በፊት አስፈርሚ። የድራማውን ምስል ቆርጠሽ ለማስገባትም አትመኪ፤ መብቱ የተዋናዩ ሳይሆን የአምራቹ ነው፤ ፈቃዱም ተማሪ የሚችለው ዋጋ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጊው ትዕይንት ካለ ቆመው እንዲያሳዩሽ ጠይቂያቸው። የት ቆመው ነበር? በሩ በየት በኩል ነበር? ያንን የሕዋ መርከብ በር የሚከፍተው ከግድግዳው ጀርባ ያለ ሰው ነበር ወይስ ሌላ ነገር? አቅም ካላቸው ይነሱ፤ ካሜራሽን ከማቆሚያው በፍጥነት ማላቀቅ እንድትችዪ ብቻ ቀድመሽ ተለማመጂ።