መልስ፦ ፎቶው ላይ ያለው ብረት ለበስ ቢቲአር-60 ነው ወይስ 80 (ቢቲአር ባለ ስምንት ጎማ የሶቪየት ወታደር ማጓጓዣ ነው)?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጎማ መሀል ያለውን ጎኑን እይ። እዚያ ዝቅ ብሎ የተሠራ በር ከሌለ 60 ነው፤ ትንሽ በር ካለ ቢቲአር-70 ነው። በሩ ትልቅ ሆኖ ለሁለት የሚከፈል፣ የታችኛው ክፍል ተዘርግቶ መረገጫ የሚሆን ከሆነ 80 ነው።

ወታደሮቹ ለምን ከላይ ተቀመጡ ላልከው፣ ከ60 መውጣት ከባድ ስለሆነ ነው። ሁለቱ የቤንዚን ሞተሮችና ውሃ ላይ የሚገፋው ጄት ከኋላ ናቸው፤ ስለዚህ የኋላ በር የለውም። በላይኛው ጎን ባሉት ጠባብ መውጫዎች ተንጠላጥሎ መውረድ ግድ ነው፣ ያውም ለተኩስ ተጋልጦ።

በቱሬቱ (መትረየሱን በያዘው፣ ላይ በሚሽከረከረው ክፍል) ብቻ እንዳትፈርድ። ብዙ ሰው ሲሳሳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው፦ ባለ 14.5 ሚሜ መትረየሱ ቱሬት በ60ፒቢ (ቱሬት ባለው የ60 ዓይነት)፣ በ70 እና ባለ አራት ጎማው የቅኝት ብረት ለበስ ቢአርዲኤም-2 ላይ ተመሳሳይ ነው። ፎቶው እንዳልከው የ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ከሆነ ደግሞ 80 ገና አልተሠራም ነበር።