ከዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወጥተው የራስዎን ድርጅት ከመክፈትዎ በፊት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትና መምህር ነኝ። ስፔሻሊቲ የተማርኩት በመሥሪያ ቤቴ ስፖንሰርነት ነው። ወንድሜ ዋስ ሆኖ ፈርሞልኛል፤ የአገልግሎት ግዴታዬም ገና አላለቀም። አሁን ሰው ሳይታመም ቀድሞ የሚመረምርና የሚከታተል ድርጅት ማቋቋም እፈልጋለሁ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የማህፀን በር ካንሰር እንመረምራለን። አባላት በዓመት አንዴ ይከፍላሉ፤ ከታመሙ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል የሚታከሙበትን ወጪ እንሸፍናለን። ትልልቅ ድርጅቶችም ሠራተኞቻቸውን እንዲልኩልን አስበናል። ገንዘቡን የምታወጣው አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ዜግነቷን ቀይራለች። በሆስፒታሉ ለምርምር የሰበሰብኩትን የሕሙማን መረጃ ደግሞ ለሞባይል መተግበሪያችን መነሻ ላደርገው ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዶክተር፣ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ማህበሩ ዓይነትና ስለ ንግድ ፈቃዱ ነው። የእርስዎን ጉዳይ ግን ከሁሉም በፊት የሚወስነው ስፔሻሊቲ ሲገቡ የፈረሙት ውል ነው። ኮፒው እጅዎ ላይ ከሌለ ነገ ጠዋት ሄደው ከሰው ሀብት ይጠይቁ።

ውሉን ሲያገኙ ሦስት ነገር ይፈልጉ። ስንት ዓመት ሊያገለግሉ ተስማሙ? ካቋረጡ ስንት ብር ይከፍላሉ? ያገለገሉት ጊዜስ ይቀነስልዎታል? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አለ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግማሹን ግዴታ የጨረሰውን ሐኪም "ሙሉውን ክፈል" ይለዋል። ውሉ ስለዚህ ዝም ካለ ወዲያው እጅ አይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ግዴታው በከፊል ከተፈጸመ ፍርድ ቤት በውል የተወሰነውን መቀጫ ሊቀንስ ይችላል። ያገለገሉበትን ጊዜ የሚያሳይ ደብዳቤ ይዘው መጀመሪያ በድርድር ይሞክሩ። በየወሩ እየከፈሉ ለመጨረስ የሚስማሙ መሥሪያ ቤቶችም አሉ።

የወንድምዎን ነገር ለብቻው እንየው። እርስዎ ዝም ብለው ቢጠፉ መሥሪያ ቤቱ እሱን ይዞ ይከሳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ስለዚህ የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ፤ ባዶ ቦታ የተተወበት ፎርም ጥቂት አይደለም። ይህን የምነግርዎ ወንድምዎ ሳይገባው ከመክፈሉ በፊት መብቱን እንዲያውቅ ነው። እርስዎ ዕዳውን ጥለው እንዲሄዱ መንገድ እየጠቆምኩ አይደለም።

መልቀቂያዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ሠርተው ይጨርሱ፤ ክሊራንስዎን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ ዕዳና ንብረት እንደሌለብዎ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ይያዙ። ክሊራንስና የሥራ ልምድ ሳይዝ የወጣ ሐኪም በኋላ በየቢሮው ሲመላለስ ይከርማል። ስለ ጡረታ መዋጮዎ ደግሞ አይስጉ። ከመንግሥት ወደ ግል ስለዞሩ ብቻ ያገለገሉት ዘመን አይጠፋም።

ደመወዝ እየበሉ እያለ ደግሞ አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ፦ ሆስፒታሉ ውስጥ ለሚያዩት ሕመምተኛ "እኔ ጋ ልትመዘገብ ትችላለህ" አይበሉ። ሥራ አስኪያጅ ሆነው መፈረምም ከወጡ በኋላ ይሁን። ሥልጣንን ለግል ጥቅም በማዋል ሊያስጠይቅዎት ይችላል፤ ይህ ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚያልቅ ክስ አይደለም።

አሁን ወደ መረጃው እንምጣ። "እኔ የሰበሰብኩት" ብለዋል። ድካሙ የእርስዎ ነው፤ መረጃው ግን የእርስዎ አይደለም። ሕመምተኞቹ የፈቀዱት ለዚያ ምርምር ነው፤ ለንግድ መተግበሪያ አልፈቀዱም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በቅጥር ሥራዎ ውስጥ የጻፉት ፕሮግራም ካለም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ገቢ የማግኘት መብቱ፣ የአሠሪው ነው። የተሻለው መንገድ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ነው። ካልሆነም ከአዲስ አባላት፣ በአዲስ ፈቃድ፣ ከዜሮ መጀመር። ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ማንም አይቀማዎትም፤ ፍላሽ ላይ ያለውን ግን ይዘው አይውጡ።

ከዕቅድዎ ሁሉ በጣም ያስደነገጠኝ ግን "ወጪውን እንሸፍናለን" የሚለው ነው። በዓመት ከፍሎ ምርመራና ክትትል ማግኘት የሕክምና አገልግሎት ነው፤ ችግር የለውም። አባሉ ሊታመምም ላይታመምም ይችላል፤ ከታመመ ግን ሌላ ሆስፒታል ያወጣውን እኛ እንከፍላለን ካሉ ኢንሹራንስ እየሸጡ ነው። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ይህን ሥራ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። ለመድን ሥራ የሚፈቀደውም አክሲዮን ማህበር ነው፤ እርስዎና የአክስትዎ ልጅ በምታቋቁሙት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አይሞከርም። ስሙን "አባልነት" ቢሉት፣ "እንክብካቤ ፓኬጅ" ቢሉት ለውጥ የለውም፤ የሚታየው የገቡት ቃል ነው። እኔን ከሰሙኝ ይህን መስመር ከወረቀቱ ላይ ዛሬውኑ ይሰርዙት። የግድ ካስፈለገ ፈቃድ ካለው መድን ሰጪ ጋር ተዋውለው ሽፋኑን እሱ ይስጥ፣ ምርመራውን እርስዎ ይሥሩ።

ሠራተኛ የሚልኩ ድርጅቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሂሳቡን የከፈለው አሠሪ ሰው ሀብቱን ልኮ "ውጤቱን ስጡን" ማለቱ አይቀርም። አይስጡ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ስኳር የተገኘበት ሹፌር ከሥራ ቢባረርም መጀመሪያ የሚከሰው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ውሉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው "የግለሰብ ውጤት ለሠራተኛው ብቻ፣ ለአሠሪው ጠቅላላ አሐዝ" ብለው ያስገቡ። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሆነ ጠቅላላ አሐዙም ሰውን ሊያጋልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ አሐዙንም ከነጭራሹ ቢተውት ይሻላል።

ማህበሩን ማቋቋም ቀላል ነው። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሁለት ሆናችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ብቻዎን ለመሆን ከፈለጉም ባለ አንድ አባል ማህበር ተፈቅዷል። ቅደም ተከተሉን ግን አይሳቱ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የንግድ ፈቃድ የሚወጣው የብቃት ማረጋገጫ ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህ የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ ይሄዳሉ። ቤት ከመከራየትዎ በፊት ለመረጡት የጤና ተቋም ደረጃ የተቀመጠውን መስፈርት ይውሰዱ። ክፍል ጠቦ ወይም መወጣጫ ጎድሎ የከሰረ ኪራይ ስንት አለ መሰለዎት!

የአክስትዎ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት መያዟ ብዙ አያሳስብ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከፈለገች እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ትችላለች። እንደ ውጭ ባለሀብት ከገባች ግን ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ተጣምራም ቢሆን በመደበኛው 150 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ትጠየቃለች። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኗን የሚያሳየውን ማስረጃ ከወዲሁ ታዘጋጅ። ገንዘቡም በባንክ፣ በስሟና በማህበሩ ስም ይግባ። በዘመድ እጅ ተልኮ የመጣ ዶላር ነገ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው፣ አክሲዮን ነው እያሰኘ ቤተሰብ ያጣላል።